የሰርካዲስ አሻንጉሊት

ሰርካዲስ የአሻንጉሊቷን ፀጉር ለብ ባለ ውሃ ነክራ ስታፍታታ ባሏ ከፍያለው በጋራዡ በር ገባ።

"እትዬ ከቤታቸው ከሳክሲ ተነስተዋል፤ አሁን ኮል አድርገውልኝ ነበር" አላት። "እባክሽ ይቺን ነገር መኝታ ቤት ደብቂያት።"

"ለምን?"

"ማለቴ... ልጅ በሌለበት ቤት አሻንጉሊት ሲያዩ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። የከፍያለው አክስት እትዬ ተዋበች ከሰላምታ በፊት የሚያዩት ሆዷን ነው። እሷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

አሻንጉሊቷን ያገኘቻት ግራንድ ፕሬሪ ከተማ፣ ከምትሠራበት መጋዘን አጠገብ ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር ነው። እጅና እግራቸው ከተነቃቀለ መጫወቻዎች ጋር በአንድ ላስቲክ ታጭቃ ነበር። ጠይም ናት። ጉንጯ በእስክሪብቶ ተሞነጫጭሯል፤ ጆሮዋ ከጉትቻው ዝገት የተነሳ አረንጓዴ ሆኗል። የሰርካዲስን ዓይን የያዘው ሽፋሽፍቷ ነበር፤ የተቀባ ሳይሆን የተተከለ። ወገቧ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በስልኳ አጉልታ አነበበችና ፎቶዋን ለአሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ላከች። በፈረንጆች አቆጣጠር በስድሳዎቹ የተሠራች መሆኗን ነገሯት። ቀላ ያለው ፀጉሯም ድሮ ጥቁር ነበር፤ ቀለሙን የለወጠው ዕድሜ ነው።

"ንቀዪውና አዲስ ጥቁር ፀጉር ትከዪላት" ሲል አንዱ መከራት።

"ያረጀችው እንዲህ ሆና ነው፤ እንዲሁ ትኑር" ብላ መለሰችለት። ለጆሮዋ አረንጓዴውን የሚያነጣ የብጉር ክሬም ቀብታ መስኮት ላይ ፀሐይ ስታስመታት ሰነበተች፤ ቀሚስም በእጇ ሰፋችላት።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ተዋበች ገቡ። ዓይናቸው የሰርካዲስን ሆድ ዳሰሰና ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

"ይቺ የማን ናት?"

"የጎረቤት ልጅ ረስታት ነው" አለ ከፍያለው ፈጠን ብሎ።

"የኔ ናት፣ እትዬ" አለች ሰርካዲስ። "ተበላሽታ አግኝቻት እያደስኳት ነው።"

"ለራስሽ?" ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። "አይ ልጄ! ባዶ እቅፍ በፕላስቲክ አይሞላም። በይ ስጪኝ፤ የልጅ ልጄ ትጫወትባት።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቷን ደፍታ ትሰጣቸው ነበር። ዛሬ ግን አሻንጉሊቷን ወደ ራሷ ሳበቻት።

"እቅፌን እንድትሞላልኝ አይደለም የገዛኋት፤ ደስ ስለምትለኝ ነው። ለልጅቷ ሌላ እገዛላታለሁ። ይቺን አልሰጥም።"

እትዬ ተዋበች ከንፈራቸውን መጠጡ።

"እንግዲህ እሑድ ሳክሲ ኑ። ቄሱን ጠርቻቸዋለሁ፤ እግዜር ማህፀንሽን እንዲከፍትልሽ ይጸልዩልሻል።"

"እሑድ ዴንተን ከተማ የአሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ይገናኛሉ። እኔ እዚያ ነኝ።"

"ሰርኬ!" አለ ከፍያለው ደንግጦ።

"አንተ ሂድ፣ ከፍዬ፤ ልጅ ያጣነው ሁለታችንም ነን። ብቻ እትዬ መጥተው ይውሰዱህ" አለችና የባልና ሚስቱን አንድ መኪና ቁልፍ ከጠረጴዛው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።