በገብርኤል ቀን የተከፈተው ቦይ

ካሰች ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ ከግድቡ ሥር የሚወጣውን ውሃ አየችና ባለችበት ቀረች። ክረምት በገባ ቁጥር ትንሽ መንጠባጠቡ የቆየ ነው፤ የጠራ ውሃ፣ እንስራ የሚሞላ። ዛሬ ግን ደፍርሷል። የደፈረሰ ውሃ አፈር ይዞ ነው የሚወጣው፤ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ደግሞ ምሁር መሆን አያሻም። ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። ከሥሩ ያለው የመጀመሪያው ቤት የእሷ ነው፤ ልጆቿ እዚያ ናቸው።

ግድቡ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም የደመቀ ነው። ሸለቆውን በአፈር ዘግቶ ውሃ ያጠራቅምና በበጋ ድንች አልምቶ ንፋስ መውጫ ገበያ ያወርዳል። ሲሠራው፣ እውነት ለመናገር፣ መንደሩ ሁሉ መርቆታል። ያኔ ከጎኑ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ነበረው። ዘንድሮ ሰኔ ላይ «ውሃው ለምን በከንቱ ይሄዳል?» ብሎ ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈነው። ሲነግሩት ይስቃል። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ የነገረው የለም መሰለኝ።

ካሰች እየሮጠች ደመቀ ቤት ገባች። የሐምሌው ገብርኤል ዝክር ነው፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጠላ ይጠጣል።

«አያ ደመቀ፣ ከግድቡ ሥር የሚወጣው ውሃ ደፍርሷል። አፈር ስሆን ተነሡ፣ ቦዩን እንክፈተው!»

«ዛሬ?» አለ ደመቀ ዋንጫውን ሳያስቀምጥ። «በገብርኤል ቀን አፈር ይቆፈራል? ነገ እናየዋለን። ተቀመጪ፣ ቅመሺ።»

«ነገ የምታየው ሬሳችንን ነው!»

ሰዉ አጉረመረመ። በዝክር ላይ ሬሳ መጥራት ነውር ነው አሉ። ነውሩ ታያቸው፣ ግድቡ አልታያቸውም!

«ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስን ከፈላ ውሃ ያዳነበት ቀን ነው» አለች ካሰች ደሟ ፈልቶ። «የእኔን ልጆች ውሃ ሲወስዳቸው ቁጭ ብላችሁ ጠጡ ብሏችኋል?»

ከበሩ ጥግ የደመቀን ዶማ አንስታ ወጣች። የተከተላት አንድ ሰው የለም። ዝናብ እየወረደባት ድንጋዩን ፈነቀለች፣ ጭቃውን ቆፈረች፤ የበዓል ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለወሰ። በመጨረሻ ውሃው መውጫውን አገኘና በቦዩ ወደ ወንዙ ጎረፈ። ወደ ማታ ከሥር የሚወጣው ቀነሰ። ግድቡ አልፈረሰም፤ አለመፍረሱም ለደመቀ ምስክር ሆነለት። «አላልኳችሁም?» ይል ጀመር።

በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። የተከሰሰችው እንግዲህ ካሰች ናት፤ በዓል ሽራለች፣ የሰው ውሃ አፍስሳለች። ቄስ ወልደ ሰንበት አንገታቸውን ደፍተው ስግደት አዘዙባት። ሽማግሌዎቹም ደመቀ ቦዩን መልሶ እንዲደፍን ፈቀዱለት።

ካሰች ተነሣች።

«ስግደቱን ተቀብያለሁ፣ አባቴ። ደመቀ ግን ቦዩን የሚደፍን ከሆነ» አለች፤ አያ ማለቱን ትታዋለች፤ «ክረምቱ እስኪወጣ ቤት እንለዋወጥ። እሱ ከነቤተሰቡ ወርዶ ከግድቡ ሥር ይደር፣ እኔ ልጆቼን ይዤ እሱ ቤት እወጣለሁ። ግድቡ ደኅና ነው ብሎ የለ?»

የደመቀ ሚስት መዓዛ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች።

«እኔ ልጆቼን ይዤ እዚያ አላድርም!»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ደመቀ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«ቦዩ አይነካም» አሉ ቄስ ወልደ ሰንበት።

ስግደቱን ግን አላነሱላትም።