አይዞህ የማይባልበት ቤት

«አይዞሽ፣ ጠንክሪ» እያለ የገባው ሁሉ የልብስ ሰፊዋን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። እሷም «እሺ» ትላለች፤ ወንበር ትስባለች፤ ሻይ ትቀዳለች። ወንድሟን ጎሚስታውን ከቀበረች ወዲህ ቤቱ ሰው አልጎደለበትም።

መስኮቱ ሥር ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«እንባ ጠብ አላላትም እኮ!»

«ልቧ ድንጋይ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስታስታምመው አንድ ቀን አይዞህ አላለችውም።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች!»

ሰምታለች። ውሸት ቢሆን አፍ አፋቸውን ባለቻቸው።

እነሱ ቤት ቃሉ እንደ ሌላው ቤት አልነበረም። እናታቸው ልጅ ሲወድቅባት «ተነስ፣ መሬቱን ጎዳኸው!» ብላ የምትስቅ ሴት ነበረች። አይዞህ ስትል የሰሟት ለአባታቸው ብቻ ነው፤ ሐኪሙ «ወደ ቤት ውሰዱት» ያለ ዕለት። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ለሁለቱም ልጆች የሞት መርዶ ሆነ።

ስለዚህ ወንድሟ አልጋ ሲይዝ በስድብ አስታመመችው። «የመኪና ጎማ ያነሳህ ሰውዬ ማንኪያ ከበደህ?» እያለች ታጎርሰዋለች። ጀርባውን ስታጥበው፣ «አንተን ከማጠብ የጭነት መኪና ማጠብ ይቀላል» ትለዋለች። እሱም እያሳለ ይስቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት ግን እጇን ያዘ።

«እትዬ፣ እስቲ ዛሬ እንኳ አይዞህ በይኝ።»

«ምን ሆነህ? ይልቅ ሾርባህን ጨርስ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ ሞተ። ፊቱን ማዞሩ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክናት።

ሰዉ ሳሳ ሲል ወጥ ቤት ገባች። የወንድሟ ሚስት ብርጭቆ ታጥባለች።

«ስሚ፣ ያን ቀን ፊቱን ያዞረው ተቀይሞኝ ነው አይደል? እንዳታባብይኝ ደግሞ።»

ሚስትየው ቧንቧውን ዘጋች።

«ምን ይቀየማል እትዬ? እየሳቀ ነበር እኮ! ስትወጪ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ልፈትናት ብዬ ነው። እሷ አይዞህ ካላለችኝ ገና አለሁ ማለት ነው› አለኝ። ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣው ሰውዬ ለጥ ብሎ ተኛ።»

ሚስትየው እንደገና ብርጭቆ ልታነሳ ስትል አመለጣት።

«ዞር በይ ወዲያ፣ አንቺ ደግሞ ብርጭቆ ማጠብም አልሆነልሽ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

አለቻትና ሁለቱንም እጆቿን ያዘች። በቀሚሷ ጫፍ፣ ጣት በጣት፣ ቀስ እያለች አደረቀችላት። ደርቀውም አልለቀቀቻቸውም።