የሽቶው ካሴት

ደገፉ ሰው ይፈራል እንጂ ቴፕስ አሳምሮ ያውቃል። ሶዶ ውስጥ ካሴት የሚቀዳ ሞልቷል፤ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ገበያው ድረስ፣ ዘማሪው በርሜል ውስጥ የገባ የሚመስል ቅጂ የሚቸረችር ስንት አለ! የደገፉ ግን ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ዴክ፣ ትልቁን መቅጃ ቴፕ፣ አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ ሸፍኖ ያኖራል። ከመቅዳቱ በፊት የካሴቱ ክር የሚነካውን፣ ሄድ የሚባለውን ብረትና ክሩን የሚስበውን ጎማ በስፕሪት በራሰ ጥጥ ይወለውላል። አዲስ ካሴት ከሆነም ክሩ እንዳይያዝ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያጠነጥነዋል። ከቤሌም ከአረካም መዘምራን እሱን ፍለጋ ይመጡ ነበር።

ያን ሳምንት የመጣችው ግን ሩት ናት፣ የእማማ አሳየሽ ልጅ። እማማ አሳየሽ በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ፣ ለታሰሩት ስንቅ እያመላለሱ በወላይትኛ መዝሙር ያወጡ ነበር። መዝሙሮቹን የጻፋቸው የለም። ያሉት እሳቸው ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ያ ጉሮሮ ደግሞ እንቅርት አብጦበት ትንፋሽ ያሳጥራቸው ጀምሯል። ሰኞ ማለዳ አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና ሊሄዱ ነው። ሐኪሙ ነፍሳቸው ብትተርፍም ድምፃቸው ላይተርፍ እንደሚችል አልደበቃቸውም። ሩት ይህን ሁሉ ነግራው፣ እናቴ አንድ ጊዜ ደህና አድርጋ ትዘምር ይሆናል፣ ሁለተኛ ግን እንጃ፣ አደራህን አለችው። እሱም ቅዳሜ ይዘሻቸው ነይ አለ።

ዓርብ ዕለት የስፕሪቱን ጠርሙስ ቢያነሳ ባዶ። ፋርማሲዎቹን ዞረ፣ የለም። ጤና ጣቢያ ሄደ፣ እነሱም ለመርፌ አጥተዋል። ስፕሪት ሲጠፋ ጠንካራ አረቄ ሥራውን እንደሚሠራለት ደገፉ ያውቃል። አረቄ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት፣ እትዬ ዓመለወርቅ ቤት አለ። መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

ብቻ ማለት ቀላል ነው! ደገፉ ጌታን ከማግኘቱ በፊት የዚያ ቤት ደንበኛ ነበር። ደንበኛ ስላችሁ አንድ ሁለት ብሎ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ፤ ደግፈው የሚያስወጡት ዓይነት ነበር። ይህን የማያስታውስ ምእመን የለም። በዚያ ላይ ሰሞኑን ስሙ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ቀርቧል። ጠርሙስ ይዞ ከዚያ በር ሲወጣ አንድ ሰው ቢያየው፣ ቴፕ ልጠርግበት ነው ቢል ማን ያምነዋል? ሰው ልኮ እንዳያስገዛ የሚላከው ሁሉ ወሬኛ መሰለው። ሁለት ጊዜ እስከ መንገዱ ዳር ሄዶ ተመለሰ።

በመጨረሻ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ሰብለ ለሠርግ የምትቀባውን ሽቶ አነሳ። ይሄም እኮ አልኮል ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ሽቶ ውስጥ ቅባት እንዳለ፣ ቅባት ሄድ ላይ ከቀረ ደግሞ ከክሩ የሚረግፈውን ዱቄት እንደሚይዝ ለሌሎች ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። አያውቅም ቢባል እኔም ባልተናደድኩ። ጥጡን በሽቶ ነክሮ ሄዱን ወለወለው።

ቅዳሜ እማማ አሳየሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ያለችውን ክፍል ገብተው አየሩን አሸተቱና፣ ዛሬ ደግሞ ሙሽራ አለ እንዴ ብለው ቀለዱ። ሩት ሳቀች። ደገፉም ሳቀና ካሴቱን አስገባ። የመጀመሪያዋን መዝሙር ቀድቶ አሰማቸው፤ ጥርት ብላለች። በሉ ይቀጥሉ አላቸው። አንገታቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ እያረፉ፣ ውሃ እየተጎነጩ ዘመሩ። እንዲያ ሲዘምሩ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም፤ ሩት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። የድምፁን መጠን የሚያሳዩት የዴኩ መርፌዎች በሥርዓት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በማዳመጫው የሚሰማው ግን ወደ ዴኩ የሚገባው ድምፅ ነው እንጂ ክሩ ላይ የሚያርፈው አይደለም።

የመጨረሻዋ መዝሙር እንዳለቀች መብራት ሄደ። መልሶ ሳያዳምጥ ሰው አያሰናብትም ነበር፤ ያን ቀን ምን ያድርግ? እማማ አሳየሽ መርቀውት ሄዱ።

መብራቱ የተመለሰው እሑድ፣ ጉባኤው ሳይበተን ነው። ደገፉ ሹልክ ብሎ ወደ ክፍሏ ገባና ካሴቱን ከፈተው። የመጀመሪያዋ ደህና ናት። ሁለተኛዋ መሀል ላይ ድምፃቸው እየራቀ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያጉረመርም ሰው ሆኑ። ዴኩን ከፍቶ ቢያይ ሄዱ ላይ ቡናማ ጭቃ ተለጥፏል። ገደልኳቸው አለ፣ ለብቻው፣ ጮክ ብሎ።

ከዚህ በኋላ ማን ያየኛል የሚባል ነገር ጠፋለት። መንገዱን ተሻግሮ እትዬ ዓመለወርቅ ቤት ገባ። እሳቸው ሲያዩት ደነገጡ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ችለህ ዛሬ ምን ነካህ፣ ልጆችህን አታስብም፣ አልሸጥልህም ብለው ጠርሙሱን ከኋላቸው ደበቁ። እየማለ እየተገዘተ፣ የቆሸሸውን ጥጥ አሳይቶ በስንት ልመና ሰጡት። ሲወጣ ጉባኤው እየተበተነ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሚልክያስ ጠርሙሱን አየ፣ የጀመረውን ሰላምታ ዋጠና ፊቱን አዞረ። ደገፉ ቆሞ አላስረዳም። ሄዱን በአረቄው አጽድቶ፣ ዴኩን ተሸክሞ ሩት ቤት ሄደ።

እማማ አሳየሽ ሻንጣቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ማይክራፎኑን አስተካክሎ፣ መቅጃውን ተጭኖ፣ ዓይናቸውን ሳያይ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ አረቄውን፣ ሰው መፍራቱን፣ ሽቶውን። ሩት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እናትየው አልተቆጡም። ሊመልሱለት ሲሞክሩ ግን የወጣው ድምፅ ከሹክሹክታ ብዙም የማይሻል፣ የተሰነጣጠቀ ነበር። ያላቸውን ሁሉ ቅዳሜ ጨርሰውታል።

“ለምን አልነገርከኝም፣ ልጄ?” አሉ። “እኔ ሄጄ እገዛልህ ነበር። እኔን ማን ይጠረጥረኛል?”

ለመዘመር ሞከሩ፣ ከመጀመሪያው ስንኝ አላለፉም። ሰኞ ሄዱ። በሕይወት ተመለሱ፣ ተመስገን፤ ድምፃቸው ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ።

ደገፉ ሽማግሌ አልሆነም፤ ለምን ብሎም አልጠየቀ። የእማማ አሳየሽን ካሴት ቅዳልን ለሚሉት ያቺን አንዲት ጥርት ያለች መዝሙር ይሰጣቸዋል። የእሑዱን ካሴት ግን ለማንም አያሰማም። በሕይወቱ እንደዚያ አጥርቶ የቀዳው ድምፅ የለም። ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ምራቃቸውን ሲውጡ ይሰማል፣ “ለምን አልነገርከኝም፣ ልጄ?” ሲሉት አንዲት ፊደል አልጠፋችም።