ሳይነጋ የሚደርሰው የባግ ማሳወቂያ

የፕሮግራማችን የባግ ማሳወቂያ ከሰኞ ጀምሮ በመርዶ ነጋሪዎች እየደረሰኝ ነው። ጎህ ሳይቀድ በሬን ያንኳኳሉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ፤ ሳይጋበዙም ይቀመጣሉ።

ነገሩን ያመጣችው ፎዚያ ናት። የኢትዮጵያን ቀን የሚቆጥር ነፃ ፕሮግራም በበጎ ፈቃድ አብረን እንሠራለን። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ ባግ ማለትም ስህተት ያገኘ ሰው ሪፖርት በኢሜይል ይልክልናል። እኔ ግን ስልኬ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫብኝ ሰለቸኝና ማሳወቂያውን ዘጋሁት። ስህተቱ ተከመረ። ፎዚያ ተቆጣች። «መጥፎ ወሬ እንዲህ ድንገት አይነገርም፣ ወግ አለው» ብላ አዲስ ኮድ ጽፋ ላከችልኝ። እውነቷን ነው ብዬ አጸደቅኩት። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ!

መጀመሪያ ቀን አፍ የከፈቱት ሽማግሌ አቶ ገበየሁ ይባላሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በርታ ልጄ። ያለ ነው» አሉኝ።

ታናሽ ወንድሜ ይመር ልቡን ታሞ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም።

«ይመር ነው?»

«የለም። ጳጉሜ ስድስት ናት። ፕሮግራማችሁ ውስጥ የለችም።»

ተመስገን አልኩ። ወዲያው ደግሞ በገንኩ፤ ለአንዲት ቀን ተብሎ ሰው እንዲህ ይደነግጣል? ኮዱን አስተካክዬ ሪፖርቱን ስዘጋው «እግዜር ያጽናህ» ብለው ተነስተው ወጡ።

በማግስቱም መጡ፤ ከዚያም በኋላ። አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ እኔ ወንድሜን ስቀብር አነጋለሁ። ፎዚያ ጋ ደወልኩ።

«ሽማግሌዎቹን አስቀሪልኝ እባክሽ! ልትገድይኝ ነው እኮ።»

«እኔ የጻፍኩት የኢሜይሉን ቃል የሚያለሳልስ ኮድ ነው» አለች። «የምን ሽማግሌ?»

ግራ ገባኝ።

ዛሬ ግን በዝተው መጡ። የፎቁ ጎረቤቶቼም አብረው ገቡ። አቶ ገበየሁ በርታም አላሉኝ።

«የቱ ጋ ነው ስህተቱ?» አልኳቸው።

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፤ ያልተዘጋ ሪፖርት የለም። ይመር ጋ ደወልኩ። አነሳው!

«እሰይ! አለህ?»

«አለሁ። ግን ሽማግሌዎች አልጋዬን ከበው ተቀምጠዋል። በርታ ይሉኛል።»

«አይዞህ፣ ባግ ነው። ስለ ምን እንደሆነ ጠይቃቸው።»

ሲጠይቃቸው ሰማሁ። የመለሱለት ግን አልተሰማኝም። ከዚያ ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ።

«ይመር፣ እኔ እኮ ነኝ! እያወራሁህ ነው!»

ልቅሶው ባሰበት። ዞር ስል አቶ ገበየሁ ኮምፒውተሬን ቀስ ብለው ይዘጋሉ። ሴቶቹ ጎረቤቶቼ ፎቶዬን ከግድግዳው አውርደው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።