ሮይስ ፓርኪንግ

«ኧረ ይሄ ማቀዝቀዣ ሊፈነዳ ነው!» አሉ ሚስ አይዳ፣ በአንድ እጃቸው የማካሮኒ ትሪ፣ በሌላው የአሳማ ታፋ ጥብስ እንደያዙ በሩን በጉልበታቸው ደግፈው። «ዊልማ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ ደግሞ ከዚያ ከእቃ ማጠቢያው ዞር በይ። ሐዘንተኛ እቃ ያጥባል እንዴ? ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ መጣን?»

ዊልማ ዞር አላለችም። ባሏ ሮይስ ከሞተ ጀምሮ ከዚያ ማጠቢያ ፊት የሚያነሳት ጠፍቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች እንዳይጠፋባቸው በየሳህኑ ቂጥ ስማቸውን በፕላስተር ለጥፈው ምግብ ያመጣሉ፤ እሷ ምግቡን ትገለብጥና ሳህኑን ታጥባለች። ያልተበላበትንም ታጥባለች። ልጅ የላትም፣ እናት አባቷም ሞተዋል። በዚህ ምድር ላይ ዘመድ የምትለው የባሏን ታናሽ ወንድም ሌስተርን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሮይስ ከሞተበት የመኪና ውድድር ቀን ወዲህ ዓይኗን ማየት አቅቶት ሳሎኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ ምንጣፉ ላይ አፍጧል።

ሌስተር ኪምብረል ለዊልማ ሊነግራት የሚገባ ነገር አለው። ነገ ከቀብሩ በፊት ካልነገራት መቼም እንደማይነግራት ያውቃል። ከነገራት ደግሞ እሱም የቀረችውን አንዲት ዘመድ ያጣል። ሲያላምጠው የሰነበተው ይህን ነው፤ አይውጠው፣ አይተፋው።

ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል። የየጋራዡ መካኒኮች፣ ጎማ ቀያሪዎች፣ ጡረታ የወጡ ተወዳዳሪዎች ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ተቀምጠዋል። የሰሜን ካሮላይና የዚያ አውራጃ ሰው ወይ መኪና ይሠራል፣ ወይ ይነዳል፣ ወይ ስለሚነዳው ያወራል። በሩ አጠገብ በሮይስ የውድድር መኪና ቁጥር ቅርፅ የተሠራ የአበባ ጉንጉን ቆሟል፤ ከሙቀቱ የተነሳ ጫፍ ጫፉ መጠውለግ ጀምሯል።

«ወንድ ነበር!» አለ ክሊት። ክሊት ሆደ ትልቅ፣ ድምፀ ትልቅ የድሮ ተወዳዳሪ ነው። «ስብርባሪዋን ሲያዩት ፍሬን አልነበራትም! ፍሬን የሌላት መኪና ይዞ እስከ መጨረሻው ተፋለመ። ሌላው ቢሆን ገና ድሮ አቁሞ ይወርድ ነበር።»

«አቁሞ ይወርድ ነበር» አሉ ሌሎቹ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ሌስተር ጥርሱን ነከሰ። ይኸው ክሊት ባለፈው ሰሞን በሰው ፊት፣ የሳንድዊች ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ «ሮይስ ፓርኪንግ! ዛሬስ ስንት ዙር ለፍተህ ነው ወደ ቤት የምትገባው?» ብሎ ሜዳውን በሳቅ ያፈረሰ ሰው ነው። ያን ቀን ሮይስም አብሮ ስቆ ነበር፤ ሲስቅ ግን አንገቱ ድረስ ቀልቷል። ክብር ለማግኘት መሞት ነበረበት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ክብር ገደል ይግባ።

ነገሩ ይህ ነው። በትልቁ ውድድር መጨረሻ የወጣም ይከፈለዋል። ስፖንሰር የሌለው ቡድን ግን ውድድሩን ሙሉ ልሩጥ ካለ የጎማ ወጪው ብቻ ያከስረዋል። ስለዚህ መኪናውን ያሰልፋል፣ ባንዲራው ሲውለበለብ ከሌሎቹ ጋር ይነሳል፣ ጥቂት ዞሮ «ተበላሸብኝ» ይልና ገብቶ ያቆማል። ጎማውም አይበላ፣ ሞተሩም አይደክም፤ ለመጨረሻ የወጣ የሚሰጠውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም። ከሹፌሩ የሚጠበቀው በሬዲዮ አንድ ሰበብ መናገር ብቻ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ለዓመታት የኖሩት በዚህ ነው፤ ሮይስ እየነዳ፣ ሌስተር ከሜዳው ዳር ሆኖ በሬዲዮ እያዘዘው።

ጠዋት መኪናዋን ከተሳቢው ሲያወርዱ ሮይስ፣ «ዛሬ ምን እንሁን?» ይላል።

«ባለፈው ሙቀት ነበርን» ይላል ሌስተር። «ዛሬ ፍሬን እንሁን።»

«ፍሬንማ ስንት ጊዜ ሆንን! ዳኞቹ እኮ ‹ለነዚህ ሰዎች ፍሬን እናዋጣላቸው› እያሉ ነው።»

ይስቁ ነበር። በኋላ በኋላ ሮይስ መሳቁን ተወው፤ መጠየቁን ግን አልተወም።

የሚያንገበግበው፣ ሰውየው መንዳት ይችል ነበር። በወጣትነቱ ከቤታቸው ጀርባ ባለው የቀይ አፈር ሜዳ ማንም አይደርስበትም ነበር፤ ዊልማም የወደደችው እዚያ ነው፣ ፊቱ በጭቃ ተለስኖ ጥርሱ ብቻ እየታየ። አንድ ጊዜ ደግሞ በትልቁ ውድድር፣ እንደ ወትሮው ሊያቆሙ በገቡበት ቀን፣ መኪናዋ ምን እንደነካት እንጃ፣ ስመ ጥር ሹፌሮችን አንድ በአንድ እያለፈ ወደ ፊት ወጣ።

«ሌስተር፣ ዛሬ ትበራለች! ትንሽ ዙር ጨምርልኝ።»

«ጎማ የለንም። ግባ።»

«ጥቂት ብቻ፣ በእናትህ።»

«ግባ አልኩህ እኮ፣ ሮይስ!»

ገባ። ውድድሩ እስኪያልቅ ከነሄልሜቱ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ አለ። ምናልባት እያለቀሰ ነበር፤ ሌስተር ሄዶ አላየም። ሮይስ በሕይወቱ ታናሽ ወንድሙን እምቢ ብሎት አያውቅም።

ከዚያ ነው ሚስተር ታል የመጡት። ሚስተር ታል ዶሮ አርብተው የሚሸጡ፣ ውድድር የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋን ስፖንሰር አደረጉ፤ ከእንግዲህ ማቆም የለም፣ ውድድሩ ሙሉውን ይነዳል ተባለ። በመኪናዋ አፍንጫ ላይ ትልቅ ቀይ ዶሮ ተሳለ። ሮይስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየውና፣ «በስተርጅና ሰው ሆንኩ ስል ዶሮ ሆኜ ቀረሁ» አለ። ዊልማ ያን ቀን ለዓመታት ያላየችውን ሳቁን አየች።

ይሁን እንጂ በውድድሩ ጠዋት ሌስተር ከተሳቢው ጀርባ ሲያስመልሰው አገኘው።

«ምን ሆንክ?»

«ውድድር ሙሉ እንዴት እንደሚነዳ የረሳሁት መሰለኝ» አለ ሮይስ አፉን በእጅጌው እየጠረገ። «እስካሁን የማውቀው ማቆም ብቻ ነው።»

«እጅህ አልረሳውም። አይዞህ» አለው ሌስተር። ፍርሃቱን ግን በልቡ ያዘበት።

አሁን እኚሁ ሚስተር ታል ሳሎን ገብተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሌስተር አጠገብ ተቀመጡ።

«ነገ ቀብሩ ላይ ጥቂት እንድናገር ፓስተሩ ፈቅደውልኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እጁን ያልሰጠ ሰው ነበር ልል ነው። መጨረሻ ላይ በሬዲዮ ያለው ነገር ካለ ብትነግረኝ ደግ ነበር። ሰው ቃሉን መስማት ይፈልጋል።»

«ሬዲዮው... ይንጫጫ ነበር ጌታዬ።»

«አስታውስ እስቲ። አልቸኩልም።» ኮፍያቸውን በጣታቸው አሽከረከሩ። «ሁለተኛዋ መኪና አለች አይደል? በሚቀጥለው ውድድር በሱ ስም ብትወጣ ምን ይመስልሃል? ነጂውን አንተ ምረጥ። ስለ ዶሮዬ የሚጠይቀኝ የለም አሁን፤ ሁሉም ስለ ሮይስ ነው የሚጠይቀኝ።»

ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ቅን ስለነበሩ ነው ሌስተር መቀመጥ ያቃተው። ተነሥቶ ወደ ማእድ ቤት ገባ።

«ሚስ አይዳ፣ ሳሎን ውስጥ ቀዝቃዛው ሻይ አልቋል» አለ። ሚስ አይዳ የሻዩን ጆግ ይዘው እያጉረመረሙ ወጡ። ዊልማ ቧንቧውን ዘግታ፣ እጇን በሳሙናው ውሃ ውስጥ እንደነከረች ቆማለች።

«ዊልማ።»

«የታጠበውን ወደዚያ አድርገው» አለች ሳትዞር።

«ፍሬን እንደሌለው ነግሮኝ ነበር።»

ዊልማ እጇን ከውሃው አወጣች።

«‹ሌስተር፣ ፍሬን የለኝም፣ ልግባ› አለኝ። እኔ የፈራ መሰለኝ። ጠዋት ሲያስመልሰው አይቼዋለሁ። ፈርቶ የድሮዋን ሰበብ ያመጣ መሰለኝ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ስንላት የኖርናትን። ‹ዛሬ ሰበብ የለም፣ ሚስተር ታል እያዩ ነው፣ ንዳ› አልኩት። ‹የእውነቴን ነው› ብሎ እንኳን አልተከራከረኝም። ‹እሺ› አለና ነዳ። ያንን ዙር አልጨረሰውም።»

ተናግሮ ጨረሰና ጠበቀ። በሳህን ብትፈነክተው ደስ ባለው። «ውጣ ከቤቴ» ብትለው ይወጣ ነበር፤ ተለማምዶታል፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ ሁሉ አስቦበታል።

«አውቃለሁ» አለች ዊልማ።

«ምኑን?»

«ከላይ፣ ከነሚስተር ታል ጋር ተቀምጬ፣ የሬዲዮአችሁ ማዳመጫ እኔ ጆሮ ላይ ነበር። የሱንም ያንተንም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«ልጠላህ ሞከርኩ፣ ሌስተር። አምላክ ያውቃል፣ ሌት ተቀን ሞከርኩ። ብጠላህ ይቀለኝ ነበር።» አሁን ዞረች። ፊቷ ደረቅ ነው። «ግን ‹ፍሬን የለኝም› ሲል እኔ ሳቅሁ። የሚስተር ታል ሚስት ‹ምን አሳቀሽ?› አለችኝ። ‹ባሌ ሥራውን ጀመረ› አልኳት። እሷም ሳቀች። ግንቡን ሲመታ ሳቄን ገና አልጨረስኩም ነበር።»

ሌስተር የሚይዘው ፈልጎ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ለጥላቻዋ ተዘጋጅቷል፤ በድብቅ፣ እያፈረ፣ ይቅር ትለኝ ይሆናል ብሎም ተመኝቶ ነበር። ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። በዚያ ቤት ውስጥ ከእንግዲህ «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ያንቺ አይደለም» የሚባባል ሰው የለም። ሮይስ እውነቱን ሲናገር የሚያምነው ሁለት ሰው ነበረው፣ ሁለቱም አላመኑትም። አቅፎ ሊያጽናናት ፈለገ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ግን አልለቀቀም።

«ይቅርታ፣ ልጆቼ» አሉ ሚስተር ታል በሩ ላይ ቆመው። «ፓስተሩ ሊሄዱ ነው፣ የነገውን ንግግር ልጨርስላቸው ብዬ ነው። ሌስተር፣ ያ ያልኩህ ነገር... ትዝ አለህ? የመጨረሻ ቃሉ?»

ሌስተር ውሸት ሰለቸው።

«‹እሺ› ነው ያለው» አለ።

«እሺ?»

«ፍሬን የለኝም አለኝ። ‹ንዳ› አልኩት። ‹እሺ› አለኝ። ይኸው ነው፣ ጌታዬ፤ ሌላ ቃል የለም።»

እንደሚጮሁበት ጠበቀ። የሽማግሌው ዓይን ግን እንባ ሞላ። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ይኸው! ይህን ነው የምለው!» አሉ። «ፍሬን በሌላት መኪና ‹ንዳ› ሲሉት ‹እሺ›! እንዲህ ያለ ሰው አሁን ከየት ይገኛል? ነገ ይህንኑ ነው የምናገረው። ‹ሮይስ ኪምብረል ማቆም የማያውቅ ሰው ነበር› እላለሁ።»

ከዊልማ ጉሮሮ አንድ ድምፅ ወጣ። አረፋ የለበሱ ሁለት እጆቿን አንሥታ አፏ ላይ ጫነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ወገቧ ታጠፈ። ሚስተር ታል አንገታቸውን ደፉና በዳበሳ ወደ ኋላ ወጡ።

«ተዉአት፣ ታልቅስ!» አሉ ሚስ አይዳ ከሳሎን። «እስካሁን አላለቀሰችም፣ ይውጣላት የኔ ምስኪን!»

ሌስተር ግን ከእጆቿ በላይ ዓይኗን አየ። ዓይኗ ውስጥ እንባም ደስታም የለም፤ ድንጋጤ ብቻ ነው። እያለቀሰች አይደለም። እየሳቀች ነው፣ ማቆምም አልቻለችም፤ ድምፁ በጣቶቿ መካከል እያመለጠ ከፍ እያለ መጣ። ሳሎን ውስጥ ያለው ወሬ ጸጥ አለ፣ ሰው ጆሮውን ወደ ማእድ ቤቱ ጣለ።

ሌስተር በትከሻዋ በኩል እጁን አሳልፎ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተው።