ዝናሽ ስለ ልጇ የመሰከረችው

ዝናሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የአዘዞን ሰው ጠይቁ። ልቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርስ፣ አራስ ጎረቤት ሲኖራት ገንፎ አገንፍታ የምትጠይቅ ሴት ናት። በሽታዋ አንድ ብቻ ነው፤ የባሏ የእህት ልጅ ትርንጎ።

ትርንጎ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣችው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ደርሷት ነው። አጎቷ ባህሩ ከዶርም የዘመድ ቤት ይሻላታል፣ ለመስከረምም ጓደኛ ትሆናታለች ብሎ ቤቱ አስገባት። የዝናሽ ልጅ መስከረምም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ነው የምትማረው። ሁለቱ በአንድ አልጋ እየተኙ፣ በአንድ ሚኒባስ እየተመላለሱ አራተኛ ዓመት ደረሱ። ልጆቹ እንደ እህት ተዋደዱ። ዝናሽ ግን ያን ሁሉ ጊዜ አንጀቷ እያረረ ኖረች።

ትርንጎ ጥሩ ውጤት ባመጣች ቁጥር ዝናሽን ራሷን ያማታል። ጎረቤት “ተባረኪ” ብሎ ትርንጎን ከመረቀ፣ ዝናሽ ምርቃቱ ከመስከረም ተቀንሶ የተሰጠ ይመስላታል። አንድ ቀን ባህሩ እራት ላይ “ይቺ ልጅ ዳኛ ሳትሆን አትቀርም” ቢል፣ ሚስቱ ኩርፊያዋን እስከ ሰንበት አላነሣችም። የእኔ ልጅስ ምን ልትሆን ነው፣ የዳኛ ደጅ ጠኚ? እያለች ብቻዋን ትንጨረጨር ነበር።

ግንቦት ላይ ወሬ መጣ። ፒያሳ ቢሮ ያላቸው ጠበቃ ዓለምነው ለክረምቱ አንድ ተማሪ ለልምምድ ሊወስዱ ነው ተባለ። አንድ ብቻ። እሳቸው ዘንድ የሠራ ልጅ ሲመረቅ ሥራ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሁለቱም አመለከቱ፣ ሁለቱም ለኢንተርቪው ተጠሩ። ዝናሽ የመስከረምን መጠራት ሰምታ እልል ልትል ስትል የትርንጎም ተነገራት፤ እልልታውን ዋጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎኑ የጠበቃ ቢሮ ሆነ። ዝናሽ መስከረምን ሶፋው ላይ ታስቀምጥና ትይዩዋ ሆና ከስልክ እያነበበች ትጠይቃለች። ድክመትሽ ምንድን ነው? ስትላት፣ መስከረም ዩቲዩብ ላይ እንደተማረችው፣ የጀመርኩትን ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም ትላለች። ዝናሽ እንኳ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ያቺን ልጅ እንቅልፍ ያልወሰዳት መቼ ነው? ትርንጎ በዚህ ሰዓት ጓዳ ዕቃ ታጥባለች። መስከረም እሷም ትለማመድ እንጂ ብላ ብትለምን፣ እናትየው ለእሷ ምን ልምምድ ያስፈልጋታል፣ ምላሷ እንደሆነ ከአገሯ ከወገራ ተስሎ ነው የመጣ ብላ ከለከለች። ትርንጎ ሰምታለች። ድስቷን አጥብቃ ፈተገች።

በማግስቱ ልጆቹ ሲወጡ፣ ትርንጎ በር ላይ ለመስከረም፣ ያነበብሽውን አትንገሪያቸው፣ በዓይንሽ ያየሽውን ንገሪያቸው ስትላት ዝናሽ ከውስጥ ሰማች። ምክሩ ሸጋ ነው። ሸጋነቱ ነው ያበገናት። ለተፎካካሪዋ እንዲህ የምትመክር ለራሷማ ስንት ይዛለች? በዚህ ዓይነት መስከረም እንደማይሆንላት ገባትና አንድ ዘዴ አሰበች።

የዝናሽ አባትና የጠበቃው አባት በሕይወት ሳሉ የቁስቋም ማኅበርተኞች ነበሩ። ማኅበር ደግሞ ዝምድና ነው። እሑድ ነጠላዋን ለብሳ ቁስቋም ወጣች፤ ቅዳሴው እንዳለቀ ጠበቃውን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ አገኘቻቸው። የማን ልጅ እንደሆነች ሲሰሙ ደስ አላቸው፣ አባቷን አንሥተውም ነፍስ ይማር አሉ። ወደ ጉዳይዋ ስትገባ ግን ቆጠብ አሉ፤ እሳቸው ቢሮ ሰው በአማላጅ እንደማይገባ በለሰለሰ ቃል ነገሯት። ከዚያ እንዳይከፋት ብለው ይሆናል፣ እንዲህ ሲሉ ጠየቋት።

“ለመሆኑ ልጅሽ ምን ዓይነት ናት? እስቲ የሠራችውን አንድ ነገር ንገሪኝ።”

“ኧረ አያ ዓለምነው፣ የሷ ሥራ ተወርቶ ያልቃል?” አለች ዝናሽ። አፏን ስትከፍት የወጣው የሸዋአየሁ ነገር ነው።

ሸዋአየሁ ጎረቤታቸው ናት። ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ ቤቱ የእኛ ነው ብለው ከሰሷት። የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሳት ከመፍራቷ የተነሣ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበረችው፤ ካላየሁት እንደሌለ ይቆጠራል ብላ። ከዱቄቱ ያወጣችው ትርንጎ ናት። ካልቀረቡ በሌሉበት ይወሰንብዎታል ብላ አግባብታ፣ የጋብቻ ማስረጃዋን አስፈልጋ፣ ፍርድ ቤት ድረስ አብራት ሄዳ፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ ብላ አስጠንታ አስገባቻት። ሸዋአየሁ ይኸው ዛሬም በቤቷ አለች።

ዝናሽ ይህን ሁሉ፣ የትርንጎን ስም ብቻ በመስከረም ለውጣ ተረከችው። ዱቄቱንም አልተወች፤ የሸዋአየሁን እንባ፣ ልጅቱ ትምህርቷን ትታ የቀረችበትን ቀን፣ ሁሉንም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ስትሰማ ነው ያደገች፤ ለልጅ ሲሆን ግን የሚያደምቅ መሰላት። ጠበቃው ጉዟቸውን ገትተው ሰሟትና፣ ይህቺን ልጅ ላያት እፈልጋለሁ አሉ። ዝናሽ የቁስቋምን ቁልቁለት እግሯ መሬት ሳይነካ ወረደችው።

ለመስከረም ልትነግራት ነበር፤ ሰውየው እንዲህ ቢሉሽ እንዲህ በያቸው ልትላት። ትርንጎ ግን ከአጠገቧ አልጠፋ አለች። ሰኞ ውለው አብረው፣ አድረው አብረው። የኢንተርቪው ዕለት ጠዋትም ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ፣ ነገሩም ሳይነገር ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ዝናሽ በር ላይ ቆማ ነበር። ትርንጎ ዓይኗ ቀልቷል፤ አንገቷን ደፍታ እጅ ነሥታ ወደ ጓዳ አለፈች። እሰይ፣ አልሆነላትም ማለት ነው አለች ዝናሽ በልቧ። ማንን ወሰዱ? ብላ ብትጠይቅ መስከረም፣ ትርንጎን አለቻት።

ዝናሽ ያመቀችው ሁሉ ያን ጊዜ ፈነዳ። ጓዳ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ፣ አብልቼ አጠጥቼ በገዛ ልጄ ላይ አሳደግኋት፣ ጉያዬ ውስጥ እባብ ነው የታቀፍኩት፣ ነገ ዛሬ ሳትል ወደ አገሯ ትሂድልኝ እያለች ጮኸች። መስከረም እስክትጨርስ ቆማ ጠበቀቻት።

“እሷን ተያት፤ ያስገባሻት አንቺ ነሽ” አለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ገና ከመቀመጧ ጠበቃው ፈገግ ብለው፣ የዚያችን መበለት ጉዳይ እስቲ ከራስሽ ልስማው አሏት። መስከረም በመጀመሪያ ግራ ገባት። መጥሪያው ከዱቄት ውስጥ መውጣቱን ሲያነሡ ግን የማን ሥራ እንደሆነ አወቀች። እሱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ ውጭ ተራዋን የምትጠብቀው የአክስቴ ልጅ ናት አለቻቸው። ሰውየውም ይህን ያጫወቷቸው ወላጅ እናቷ መሆናቸውን ነገሯት። ትርንጎ ስትገባ የጠየቋት ስለ ሸዋአየሁ ብቻ ነበር፤ ተርካ ስትጨርስም ክረምቱን እኔ ዘንድ ነሽ አሏት። ትርንጎም ያለቀሰችው ቢሮው በር ላይ ነው፤ ከእንግዲህ እትየ ዝናሽን በምን ዓይን አያለሁ ብላ።

ዝናሽ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ላንቺ ብዬ ነው፣ እናት ምን የማታደርገው አለ አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

መስከረም ፊት ለፊቷ መጥታ ተቀመጠች። “እማየ፣ ትርንጎ መግባቷ አይደለም የከፋኝ፤ ይገባታል። ሰውየው ልጅሽ ምን ሠራች ብለው ሲጠይቁሽ፣ እኔ የሠራሁት የምትይው አንድ ነገር አጣሽ?”

“ምነው ልጄ፣ አንቺማ…” ብላ ጀመረች ዝናሽ።

መስከረም ጠበቀች። ዝናሽ ትርንጎ በስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ በየትኛው ፈተና ስንት እንዳመጣች፣ ማን መንገድ ላይ አስቁሞ እንዳመሰገናት አንድ ሳይቀር ታውቃለች። ያን ሁሉ ዓመት ዓይኗን ከእሷ ላይ ነቅላ አታውቅም። አሁን ስለ ልጇ የምትለውን ፈለገች፣ አጥብቃም ፈለገች፤ ምላሷ ላይ የመጣላት ሁሉ ግን የትርንጎ ነበር።