አልለቅ ያለው ቦታ

ኑሰይባ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምራ ከላፕቶፗ ጋር ግብግብ ይዛለች። የምትተዳደረው የቤት ፕላን በመሥራት ነው። ቢሾፍቱ ላይ ሊሠራ የታሰበ የአንድ ቤት ፕላን አስተካክላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራውን ለሰጧት ለኢንጂነር ዳዊ መላክ አለባት። የቀራት ደረጃውን ከግራ ወደ ቀኝ ማዞር ብቻ ነው፤ ቢበዛ የሁለት ሰዓት ሥራ። ፕሮግራሙ ግን ገና ከመከፈቱ «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ይልና ድርግም ብሎ ይዘጋል።

ጥፋቱን በፎቶዎቹ አሳበበች። ከሠርጓ ወዲህ የስምንት ዓመት ፎቶ ተከምሮበታል። መጀመሪያ እየመረጠች ነበር የምታጠፋው። የልጇ የፎዚያ የልደት ኬክ አርባ ሦስት ጊዜ ተነስቷል፤ አንዱን አስቀርታ ሌላውን ጠራረገችው። ባሏ አብዱልሃኪም ከሚኒባሱ ጎን ቆሞ፣ ሚኒባሱ ታጥቦ፣ ሚኒባሱ ሳይታጠብ፤ ሁሉም ሄደ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስትለቅም ቆይታ የዲስኩን ምልክት ብታየው እንደ ቀላ ነው። ንቅንቅ አላለም።

ኢንጂነር ዳዊ ደወሉ።

«ኑሰይባ፣ እንዴት እየሆነልሽ ነው?»

«እየጨረስኩት ነው ኢንጂነር፣ አይስጉ።»

ውሸቷ ራሷን አንገበገባት። ስልኩን አስቀምጣ «ቤተሰብ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ አጠፋችው፤ ውስጡን እንኳ አላየችም። ምልክቱ አሁንም ቀይ ነው። ላፕቶፑን አንስታ በመስኮት ብትወረውረው ደስ ባላት።

ላፕቶፑን የሸጠላት፣ ሲታመምም የሚያክምላት ፖስታ ቤት አካባቢ ሱቅ ያለው ጉቱ ነው። ደወለችለት።

«አምስት ሺህ ፎቶ አጥፍቼ አንዲት ጊጋ አልለቀቀም! ምን አባቱ ሆኖ ነው?»

ጉቱ ሳቀባት። «ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርገሻል? ያጠፋሽው ሁሉ እኮ እዚያ ተቀምጧል። እሱን ካልደፋሽው ቦታው አይለቀቅም።»

ስትከፍተው እውነትም አምስት ሺውም ፎቶ ተሰልፎ ቁጭ ብሏል። ባዶ ለማድረግ ስትነካው «ለዘለዓለም ይጥፋ ወይ?» ብሎ ጠየቃት። «ይጥፋ! ድራሹ ይጥፋ!» ብላ ጮኸችበትና አዎ አለችው። አሥራ አንድ ጊጋ ተለቀቀ። ፕሮግራሙም ተከፈተላት፤ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ደረጃውን ማዞር ጀመረች። ሩብ ሰዓት አልሞላትም፣ ድርግም።

ዲስኩን አየችው። አሥራ አንድ የነበረው ሦስት ሆኗል። ዓይኗ እያየ ሁለት ሆነ። አንዳች የማታውቀው ነገር ያስለቀቀችውን ቦታ እግር በእግር እየተከተለ ይበላዋል። ክዳኑን እንኳ ሳትዘጋ ላፕቶፑን አቅፋ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

«አካም ኦልቴ ኑሰይባ?» አለ ጉቱ። ሰላምታውን አልመለሰችለትም፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ጉቱ ኢንተርኔቱን አቋረጠና ትንሽ ከጎረጎረ በኋላ ወደ እሷ ዞረ። «የፊልም ቻናል የሚከታተለው ማነው? ቴሌግራሙ በራሱ እያወረደ ሰባ ጊጋ ፊልም አጠራቅሟል። አሁንም አንቺ ስታስለቅቂ እሱ ሲሞላ ነበር።»

ላፕቶፗ ላይ የተከፈተው ቴሌግራም የአብዱልሃኪም ነው። ደወለችለት፤ መናኸሪያ ተራ እየጠበቀ ነበር።

«እኔ እኮ በስልኬ ነው የማየው!» አለ ደንግጦ።

«አንተ በስልክህ ታያለህ፣ እኔ ላይ ይከመራል! የልጄን ፎቶ አጥፍቼ ላንተ ፊልም ቦታ ሳመቻች ነው የዋልኩት!»

«የእማዬስ? የቆቃው ፎቶ አለ አይደል?»

ክው አለች። አማቷ ወይዘሮ መሪማ ፎቶ አይወዱም፤ ካሜራ ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ። ከደሴ መጥተው ቆቃ የወሰዷቸው ቀን ብቻ፣ የተጠበሰ ዓሣ በእጃቸው ይዘው ሲስቁ ሳያውቁ ተነስተዋል። ያላቸው ፎቶ እሱ ብቻ ነው። «ቤተሰብ» ውስጥ ነበር።

«ጉቱ፣ የጠፋው ይመለሳል?»

«የተወሰነው ይመለስ ይሆናል። ግን ከአሁን በኋላ ምንም እንዳትሠሪበት። አዲስ ነገር በተጻፈበት ቁጥር የድሮው እየጠፋ ነው የሚሄደው። ፊልሙ ራሱ ስንቱን እንደበላው እንጃ።»

«ታዲያ ያስለቀቅኩት ያ ሁሉ ቦታ ምን ሊሠራልኝ ነው?» አለች።

ጉቱ ፎቶዎቹን እንዲፈልግ ላፕቶፑን እሱ ጋ አስቀርቶ የሱቁን ኮምፒውተር ለቀቀላት። ጎኗን ፎቶኮፒ የሚያስነሳው ይጋፋታል፣ ማውዙ አንዴ ይታዘዛል አንዴ እምቢ ይላል። ከኢሜይሏ ያወረደችው ፕላን የቆየ ስለነበር ደረጃውን ብቻ ሳይሆን የሁለት ቀን እርማቷን ሁሉ እንደገና ሠራች። ስትልክ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል።

«የግንባታ ፈቃድ ቢሮው ተዘጋ እኮ፣ ኑሰይባ» አሉ ኢንጂነር ዳዊ። «እንግዲህ ነገ ይገባላ።» አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ጉቱ ያዳነውን ፎቶ በፍላሽ ሰጣት። ሁለት ሺህ ይሆናል፤ ስምም ቀንም የለው፣ ቁጥር ብቻ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ በአንድ አዩት። አንዳንዱ አልከፈት አለ፣ አንዳንዱ ከወገቡ በታች ግራጫ ሆኗል። ቆቃን አገኙት፤ ውሃው አለ፣ ግድቡ አለ፣ ፎዚያ ጫማዋን አውልቃ ትታያለች። ወይዘሮ መሪማ የሉም።

አብዱልሃኪም ጨንቆት ደሴ ደወለና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ለእናቱ ነገራቸው።

«ደግ አደረገች!» አሉ ወይዘሮ መሪማ። «ድሮስ ማን አንሱኝ አላችሁ? እንኳን ጠፋ!»

አብዱልሃኪም ተገላግሎ በሣቅ ፈነዳ። ኑሰይባ አልሳቀችም። አልከፈት ያሉትን ለብቻ ሰብስባ፣ አንዱን ሦስቴ አራቴ እየነካች መሞከር ቀጠለች።